ከማማ ላይ የሚወርድ ሙዚቃ

 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ደወል ነው። ደወል ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ደወል እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔ ከማሠልጠኛ ወጥቼ መጀመሪያ ያስተማርሁበት የገጠር ትምህርት ቤት ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ዘበኛችን በቁራጭ ፌሮ ይመቱታል። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ ለመግቢያ የቸርኬውን ጠርዝ፣ ለዕረፍት ደግሞ መሐሉን ይመቱ ነበር። ሁለቱ ድምፅ ፈጽሞ አይመሳሰልም። ልጆቹ ሰዓት ሳያዩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ።

አንድ ቀን ጋሼ አሞአቸው ቀሩና እኔ ልደውል ወጣሁ። ለመግቢያ ብዬ መሐሉን መታሁታ! ተሰልፈው የቆሙት ልጆች በሙሉ እየጮኹ ወደ ሜዳው ተበተኑ። ርእሰ መምህሩ ከቢሮአቸው ብቅ ብለው አዩኝ። የት ልግባ? ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ፊደል ብትጽፉ ማንም ሳያይ በዳስተር ታጠፋላችሁ፤ የተመታ ደወል ግን አይጠፋም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ይህን ያስታወስሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ በአርባና በሃምሳ ደወል፣ በአንድ ከተማ ሕዝብ ጆሮ ላይ፣ ከሰማይ አጠገብ ተቀምጠው ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። የሚጫወቱበትም መሣሪያ ካሪሎን ይባላል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ትኬት የለም፤ በርም የለም። እስቲ ዛሬ አብረን አንዱን ሰምተን እንምጣ።

የምንሄደው ወደ ቤልጂየም ነው። በዋና ከተማው በብራስልስና በወደብ ከተማው በአንትወርፕ መካከል ሜኸለን የምትባል ከተማ አለች። በመሐሏ የቅዱስ ሩምቦልት ካቴድራል ማማ ቆሟል። ሥራው የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1452 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማማው 97 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ እስከ ላይ ለመውጣት ከ500 በላይ ደረጃ መቁጠር ነው። መጀመሪያ የታቀደው ከዚህ እጅግ የበለጠ እንዲረዝም ነበር፤ ሳያልቅ ቀረ። እስከ ዛሬም ጫፉ ድፍን ያለ፣ ቆብ ያልደፋ ይመስላል።

የሜኸለን ሰዎች በዚህ ማማ የተነሣ አንድ ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል፤ «ጨረቃ አጥፊዎች» ይባላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1687 በአንድ የክረምት ሌሊት ከመጠጥ ቤት የወጣ ሰው ቀና ሲል ማማው በእሳት ቀልቶ ታየው። ጮኸ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ደረጃውን ወደ ላይ ተያያዘው። አናት ላይ ሳይደርሱ ጨረቃዋ በደመና ውስጥ አለፈችና «እሳቱ» በራሱ ጠፋ። ለካስ በጉም ውስጥ ያለፈ የጨረቃ ብርሃን ኖሯል። ጎረቤት ከተሞች እስከ ዛሬ ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ልፍረድ ብባል፣ በሌሊት ባልዲ ይዞ ለማማው የወጣ ሕዝብ የሚሳቅበት አይመስለኝም።

ያን ያህል የሳሱለት ማማ በውስጡ ምን ይዟል? ደወል ነዋ! ሁለት ካሪሎኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 49 ደወል አላቸው። አንዱ የቆየ ነው፤ ሌላው በ1981 ተሠርቶ የገባ ነው። ከደወሎቹ ትልቁ ከ8,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ትንሾቹን ግን አንድ ሰው አንሥቶ ሊሸከማቸው ይችላል።

ለመሆኑ ካሪሎን ከተራ ደወል በምን ይለያል? ተራ ደወል በገመድ ሲሳብ ራሱ ይወዛወዛል፤ የካሪሎን ደወል ግን በእንጨት ወይም በብረት አግዳሚ ላይ ታስሮ የቆመ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። የሚንቀሳቀሰው ምላሱ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ደወል ምላስ አንድ ሽቦ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ካለች ትንሽ ክፍል ይገባል። በክፍሏ ውስጥ አግዳሚ ወንበርና እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የተሸራረበ የእንጨት እጀታ በሁለት ረድፍ ተደርድሮ ይገኛል። ተጫዋቹ እጁን ግማሽ ጨብጦ እጀታውን በትንሿ ጣቱ በኩል ወደ ታች ይመታል። ሽቦው ይሳባል፤ ምላሱ ደወሉን ይመታል። ለትልልቆቹ ደወሎች ደግሞ በእግር የሚረገጡ አሉ። ስለዚህ በሁለት እጅና በሁለት እግር መሥራት ነው። በቀስታ ቢመታ ድምፁ ቀስ ይላል፤ በኃይል ቢመታ ይጮኻል። በመካከሉ ኤሌክትሪክ የለም፤ ከሰውየው ጡንቻ እስከ ነሐሱ ድረስ ያለው ሽቦና ማጠፊያ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ካሪሎን ለመባል ቢያንስ 23 ደወል ሊኖረው ይገባል።

አጀማመሩ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። በድሮ ዘመን የከተማ ሰዓት በማማ ላይ ተሰቅሎ ሰዓቱን በደወል ይቆጥር ነበር። ታዲያ በገበያ መሐል ያለ ሰው፣ ያውም እየተከራከረ፣ ድንገት ደወል ቢመታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምት ሳያስተውል ያልፉታል። ዘጠኝ ነው ወይስ ሰባት? ስለዚህ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት «ልብ በሉ» የሚሉ ጥቂት ትንንሽ ደወሎች መምታት ተለመደ። እኔም በሬዲዮ «ውድ አድማጮች» ስል እኮ ያንኑ ማድረጌ ነው። እነዚያ ትንንሽ ደወሎች እያደር ቁጥራቸው በዛ፤ አጭር ዜማ ማሰማት ጀመሩ። መጀመሪያ ዜማውን ያሰማ የነበረው ችንካር የተተከለበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ ሲዞር ችንካሩ ሽቦውን ይስባል። ኋላ ሰው በእጁ የሚጫወትበት የእጀታ ሠሌዳ መጣ። በ1510 በአውደናርደ ከተማ እንደዚህ ያለ መሣሪያ እንደ ነበረ ተመዝግቧል።

ድምፁን ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይኸው ነው። የጋሼን ቸርኬ አትርሱ፤ ጠርዙና መሐሉ ሁለት ድምፅ ነበረው። ደወልም ሲመታ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ጆሮአችን እንደ አንድ ቢቀበለውም በውስጡ ብዙ ድምፆች አብረው ይጮኻሉ፤ ደወል ሠሪዎች ከእነዚህ አምስቱን በስም ለይተው ያስተካክላሉ። አምስቱ ካልተስማሙ አንዱ ደወል ብቻውን ምንም አይል ይሆናል፤ ከሌላው ደወል ጋር ሲሆን ግን ጆሮ ያማል። ክራር ቢበላሽ ይቃኛል፤ አውታሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። ደወል ግን ከነሐስ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከመቶው 80 እጅ ያህሉ መዳብ፣ የቀረው ቆርቆሮ ነው፤ የቤት ክዳኑን ቆርቆሮ ሳይሆን ነጩን ለስላሳ ማዕድን ማለቴ ነው። ይህን የሚያክል ነሐስ እንዴት ይቃኛል? ደወሉ ተገልብጦ እየዞረ፣ ከውስጥ በኩል በስለት ይፋቃል። ዛሬ በትልቅ ቶርኖ ይሠራል። እዚህ ቦታ ላይ ጥቂት ሲፋቅ አንደኛው ድምፅ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ሲፋቅ ሌላው። አንዴ ከመጠን በላይ የተፋቀ ደወል ግን አይመለስም፤ እንደ ገና ማቅለጥ ነው።

ይህን ጥበብ መጀመሪያ አሳምረው የያዙት ፍራንስዋና ፒተር ሄሞኒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። በ1644 በሆላንድ አገር በዙትፈን ከተማ የሰቀሉት ካሪሎን በቅጡ የተቃኘ የመጀመሪያው ካሪሎን ተብሎ ይቆጠራል። ሥራውን ያማከራቸው ሰው ያኮብ ቫን አይክ ነበር፤ የኡትሬክት ከተማ ደወል ተጫዋችና የዋሽንት አዋቂ ነው። ይህ ሰው ዓይነ ስውር ነበር። ሌላው ሰው ደወልን አይቶ በክብደቱና በቅርጹ ሲገምት፣ እርሱ በውስጡ ያሉትን ድምፆች በጆሮው ለይቶ ይነግራቸው ነበር። ሄሞኒዎች የሠሯቸው ደወሎች በሜኸለን ማማም ይገኛሉ። ነገር ግን ወንድማማቾቹ ከሞቱ በኋላ እነርሱ የደረሱበት የደረሰ ጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ እያደርም ዕውቀቱ ጠፋ። ደወል መፍሰሱ አልቀረም፤ መቃኘቱ ቀረ። እንደ ገና የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አገር ነው። አስቡት፤ መቶ ዓመት ከዚያም በላይ፣ ምሳሌው ማማው ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ እየጮኸ፣ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያውቅ ግን ጠፋ!

ነሐስ ሌላም ጣጣ አለው። መድፍም የሚሠራው ከእርሱ ነበር። ስለዚህ ጦርነት በመጣ ቁጥር ደወል ይወርዳል። የፈረንሳይ አብዮት ጦር በ1790ዎቹ ቤልጂየምን ሲይዝ ብዙ ደወል አቅልጧል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የናዚ ጀርመን መንግሥት ከያዛቸው አገሮችና ከራሱም አገር ከ100,000 በላይ ደወል ከየማማው አስወርዶ ለመሣሪያ ሥራ አቀለጠው። ከሜኸለን ብዙ በማይርቀው በለቨን ከተማ ደግሞ በነሐሴ ወር 1914 የጀርመን ወታደሮች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ካሪሎን አብሮ ነደደ። ያ ካሪሎን ቀድሞ ከከተማው ዳር ካለው የፓርክ ገዳም የመጣ ነበር። ከ104 ዓመት በኋላ፣ ጦርነቱ ያበቃበት 100ኛ ዓመት በተከበረበት በኅዳር 11 ቀን 2018፣ የዚያ ካሪሎን አምሳያ ተሠርቶ በገዳሙ ማማ ላይ ተደወለ። ማሠሪያውን ከረዱት መካከል ኖይስ ከምትባል የጀርመን ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩበት። በ1914 ወደ ለቨን ከዘመቱት ወታደሮች መካከል የዚያች ከተማ ልጆች ነበሩና።

ወደ ሜኸለን እንመለስና ኮንሰርቱ ጋ እንድረስ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሜኸለንን ደወል ይጫወት የነበረው አዶልፍ ዴኔይን የሚባል ሰው ነው። ዓይኑ ሲጠፋ ወጣት ልጁ ዬፍ ቦታውን ያዘ፤ በ1887 ሹመቱ ጸደቀለት። ዬፍ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የሽቦውን አሠራር አሻሽሎ እጀታው ለቀስታ ንክኪም እንዲታዘዝ አደረገው። ያን ጊዜ ብዙው ካሪሎን ሽቦው የላላ፣ መፍጫው የዛገ ስለ ነበር፣ ተጫዋቹ እንደ አንጥረኛ ከመደብደብ በቀር ለስለስ ያለ ነገር ማሰማት አይችልም ነበር። ሁለተኛ፣ እስከዚያ ድረስ የካሪሎን ሙዚቃ የሚሰማው በገበያ ቀንና በበዓል፣ ሰው ሥራውን እየሠራ በጎን ነው። ዬፍ ግን ከ1892 ጀምሮ በበጋ ወራት ሰኞ ሰኞ ማታ፣ ሕዝቡ ተቀምጦ ሌላ ሥራ ሳይዝ የሚያዳምጠው ኮንሰርት ጀመረ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከሌላ ከተማ ጭምር በባቡር እየመጣ ይሰማው ነበር። የሰኞው ልማድ ዛሬም አልቀረም።

የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። በሰኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው! ስለዚህ «የማታ ኮንሰርት» ሲባል ሰማዩ ገና ብሩህ ነው። ሰዉ ወንበር ይዞ፣ ወይም ሣር ላይ ጋቢ የመሰለ ነገር አንጥፎ ይቀመጣል። ሽማግሌው አለ፣ ብስክሌቱን ያስደገፈ ጎረምሳ አለ፣ ጋሪ የምትገፋ እናት አለች። ከዚያ ማንም መድረክ ላይ ሳይወጣ፣ ማንም ሳያጎነብስ፣ ሙዚቃው ከላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ዓይን ይጨነቃል፤ የሚያየው የለምና። ኋላ ይተወዋል።

በዚህ ሙዚቃ ላይ አንድ የምታስተውሉት ነገር አለ። ክራር ሲመታ አውታሩን በጣት ይዞ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ደወል ግን ከተመታ በኋላ የሚያስቆመው የለም፤ ራሱ እስኪሞት ይጮኻል። ትልቁ ደወል ረጅም ጊዜ፣ ትንሹ አጭር ጊዜ። ስለዚህ አዋቂው ተጫዋች ትልቁን ደወል የሚመታው እየቆጠበ ነው፤ አለዚያ ሁሉም ተደበላልቆ ገበያ ይሆናል። ትንሹን ደግሞ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ደጋግሞ በፍጥነት ይነካካዋል። ሌላም አለ፦ በደወል ውስጥ ካሉት አምስት ድምፆች አንዱ የትካዜ ጠባይ አለው። የሠርግ ዜማ እንኳ ቢጫወቱ ከሥሩ አንድ የሚተክዝ ነገር ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ይህን አይወድም። እኔ በቅጂ እንደ ሰማሁት እወደዋለሁ፤ በገና የለመደ ጆሮ ስላለኝ ይሆናል።

ዬፍ ዴኔይን በ1922 በዚያው በሜኸለን የካሪሎን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓለም የመጀመሪያው ነው፤ እስከ አሁንም በስሙ ይጠራል፤ ከብዙ አገር ተማሪ ይመጣበታል። እንግዲህ እንደ መምህር የማስበው ይህን ነው፤ የካሪሎን ተማሪ የት ይለማመድ? ክራር የሚማር ልጅ ጓዳ ገብቶ ይሳሳታል። የካሪሎን ተማሪ ስሕተት ግን ከዳቦ ጋጋሪው እስከ ከንቲባው ይሰማል። ለዚህ ዘዴ አለው። ከማማው እጀታ ጋር ልክ አንድ የሆነ መለማመጃ በክፍል ውስጥ ይቆማል፤ ሽቦው የሚስበው ደወል ሳይሆን ትንንሽ የብረት ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ ኖታ እያነበበ ለወራት ይሠራል። ከዚያ ግን አንድ ቀን ደረጃውን መውጣት ግድ ነው። መለማመጃው ላይ የማይገኝ ነገር አለ፦ የነሐሱ ክብደት፣ ነፋሱ፣ በብርድ የሚያጥር በሙቀት የሚረዝም ሽቦ። እነዚህን የሚያስተምረው ማማው ብቻ ነው። የሜኸለን ሕዝብም ይህን ስለሚያውቅ የተማሪ ደወል ሲሰማ ይታገሣል። ያን ቀን ቸርኬውን ስመታ እኔም እንደ እነርሱ ያለ ጎረቤት ቢኖረኝ ኖሮ!

«ታዲያ ይህ ሁሉ በነፃ ከሆነ ማን ይከፍለዋል?» ትሉ ይሆናል። ከተማው ነው። በእነዚህ አገሮች ብዙ ከተሞች የከተማው ደወል ተጫዋች የሚባል ሹመት አላቸው፤ መንገድ ጠራጊው፣ መብራት ጠባቂው እንደሚከፈለው ይከፈለዋል። ይህም የቆየ ነገር ነው። በጥንት ጊዜ የከተማ ደወል የበር መክፈቻና መዝጊያ፣ የሥራ መግቢያና መውጫ፣ የእሳትና የጠላት ማስጠንቀቂያ ስለ ነበር የማንም የግል አልነበረም። በ1999 ዩኔስኮ የቤልጂየምን የደወል ማማዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሜኸለኑም ገብቷል፤ በ2005 የሰሜን ፈረንሳዮቹ ተጨመሩ። በ2014 ደግሞ ቤልጂየም የካሪሎንን ልማድ የጠበቀችበት መንገድ ለሌላው አርአያ ይሆናል ተብሎ ተመዝግቧል።

እውነቱን ለመናገር አንድ የሚያከራክር ነገር አለበት። ራዲዮ ያልፈለገ ሰው ይዘጋል። ማማን ማን ይዘጋል? ሕፃን ያስተኛች እናት፣ የታመመ ሰው፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ይሰማል። ለሁሉም የተሰጠ ነገር ላልፈለገውም ይደርሳል። ለዚህ ነው ተጫዋቹ ዝም ብሎ የወደደውን መጫወት የማይችለው። ከተማው ውስጥ ማን እንደ ሞተ፣ ምን በዓል እንደሆነ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚያንጎራጉር ማወቅ አለበት።

ብራስልስ ወይም አንትወርፕ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ንገሩት፤ በባቡር ከሁለቱም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በበጋ ሰኞ ማታ ይሂድ። ከማማው ሥር ግን አይቁም፤ እዚያ የሚሰማው የሽቦ መንቋቋትና የተበጣጠሰ ድምፅ ነው። ራቅ ይበል፤ የመኪና ጩኸት የሌለበት ግቢ ወይም ጸጥ ያለ መንገድ ይፈልግ። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ደወሎች አየር ላይ ተገናኝተው አንድ የሚሆኑት ከዚያ ነው። በመካከል አያጨብጭብ፤ ላይ ያለው ሰው አይሰማም። ሲያበቃ ወደ ማማው በር መጥቶ ይጠብቅ። ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ፣ አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ይወጣል፤ ወይም አንዲት ሴት ትወጣለች፤ ሴቶችም ብዙ ናቸውና። ትንሿ ጣት ላይ ቆዳ ወይም ፕላስተር ተጠቅልሎ ይታያል፤ እጀታውን የሚመቱት በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። የቆመው ሰው ያን ጊዜ ያጨበጭባል።

ደኅና እደሩ።